ዘር የሌላት ኪያር

ለቡ መብራት ኃይል ባለው ግቢያችን፣ ከጎረቤቴ ጋር በሚያዋስነን ግንብ ሥር ኪያር የተከልኩት ሰላጣ አምሮኝ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ «ኑሮ ተወደደ፣ ምን ይደረግ» እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። የተከልኩት አንዲት ሴት እንድታየው ነው። አይታም እርር ድብን እንድትል ነው።

ሴትዮዋ የግንብ ጎረቤቴ ናት። ዛሬ «ሴትዮዋ» እላታለሁ እንጂ ድሮስ እህቴ ነበረች። ሰፈሩ ገና አስፋልት ሳይገባለት፣ ጭቃው ጫማችንን ከእግራችን እያወለቀ ሲያስቀር፣ ታክሲ ፍለጋ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ክንድ ለክንድ ተያይዘን የምንሄደው እኔና እሷ ነበርን። ውሃ በፈረቃ ስትመጣ በርሜሌን ሳትሞላልኝ የራሷን አትሞላም። ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለት ጊዜ ሲጨነግፍብኝ ደግፋ ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት። የደም ልብሴን ያጠበችውም እሷ ናት። ይህን የማነሳው ላመሰግናት አይደለም። የቱ ጋ እንደሚያመኝ ከማንም በላይ ታውቅ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ብቻ ነው።

ሴት ልጇ የወለደች ጊዜ ለገንፎው ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ድስቱን ጣድኩ፣ ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን ጨመርኩ፣ ማማሰያውን በሁለት እጄ ይዤ ማገንፋት ጀመርኩ። የማኅበራችን ሴቶች በሙሉ አራሷን ከበው ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ከጓዳ ወጣች፣ መጣች፣ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደችው።

«አንቺ ተይው፣ ተቀመጪ» አለችኝ። እኔ ደከመሽ ብላ መስሎኝ «ኧረ ልጨርሰው» አልኩ። እሷም ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ፣ «አይ፣ የአራስ ገንፎ ዘር የሌለው እጅ ባይነካው ይሻላል» አለች።

እንዲህ የሚል ልማድ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁም። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ሳል ሳይኖርባቸው ሳል አሉ። ከዚያ አንዷ እልል አለችና ሌሎቹ ተቀበሏት። ተቀመጥኩ። ገንፎው ሲቀርብ እኩል ከሰው ጋር በላሁ፤ ተቆጥታ ተነሳች እንዳይሉኝ ቅቤውን እያጠቀስኩ በላሁ። ቤቴ ገብቼ ለባሌም አልነገርኩትም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴ ግን ፈጀኝ እንጂ ነገሩን አልፈጀውም።

ወሩ ሳይሞላ መካኒሳ አቦ ተሳልሜ ስመለስ አንድ የግብርና ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ላይ ቆም አልኩ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ነው ያቆመኝ። ኪያር ነው፣ ግን እንደ ወይን በዘለላ የተንጠለጠለ፤ በየአንጓው ሦስትም አራትም ሆኖ ጠጋ ጠጋ ብሎ የተደረደረ። ገብቼ ሻጩን ጠየቅኩት።

«ይቺ ዘመናዊ ናት እህቴ» አለኝ። «በዘለላ ነው የምትይዘው። ወንድ አበባ የላትም፣ ንብም አትጠብቅም። ዝም ብላ ታፈራለች።»

«ከፍሬዋ ዘር አውጥቼ መልሼ እዘራታለሁ?»

«ዘር የላትም። እሽጉ ውስጥ ያለውን ባለሙያዎች አዳቅለው ነው የሚያመጡት። አንቺ ጋ የምታፈራው ውስጡ ባዶ ነው። ለመብል ግን እሷን የሚያህል የለም።»

ሰውየው ምን እንዳሳቀኝ አልገባውም። ዘር የላትም፣ ወንድ አትጠብቅም፣ ግን እሷን የሚያህል የለም። ቦርሳዬን ከፈትኩ።

የመጀመሪያው ተክል አልተሳካልኝም። ከግንቡ ሥር ያለው አፈር አፈር አልነበረም፤ ከቤት ሥራ የተረፈ የብሎኬት ስባሪ ነው። በወንፊት ነፋሁት፣ ወደ ላፍቶ በኩል ላም ከሚያረቡ ሰዎች ፍግ አምጥቼ ቀላቀልኩት። ችግኟ በቀለች፣ ሲባጎ ዘረጋሁላት፣ ይዛው ወጣች። ገና ጉልበቴ ሳትደርስ አበባ በአበባ ሆነች። ሻጩ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ «ከታች ያሉትን አንጓዎች ርኅራኄ ሳይኖርሽ ቀንጥሺ፤ ሥሯ ሳይጸና ልውለድ ትላለች» ብሎኛል። እጄ እምቢ አለኝ። እያንዳንዱ አበባ ሥር እንደ ሕፃን ጣት ያለች ኪያር አለች፤ እንዴት ብዬ እቀንጥሳት? ተውኳቸው። አንድ ጠዋት ብወጣ ሁሉም ቢጫ ሆነው፣ ተኮማትረው ረግፈዋል። በአማርኛችን ለዚህም ቃሉ መጨንገፍ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ከግንቡ ማዶ የሴትዮዋን ሳቅ ስሰማ ተነሳሁ። በእኔ ስቃ ይሁን በሌላ ነገር አላውቅም። እኔ ግን በእኔ ነው ብዬ ወሰድኩት፤ እንደዚያ ብዬ መውሰዱ ጠቀመኝ።

በሁለተኛው ዓመት ጨካኝ ሆንኩ። የታችኞቹን አበቦች አንድም ሳላስቀር ቀነጠስኩ። ከጎን የሚወጣውን ቀንበጥ ሁሉ በጥፍሬ አነሳሁ፤ አንድ ግንድ ብቻ ቀጥ ብሎ ሲባጎውን ይዞ እንዲወጣ። ውሃ የማጠጣት ጠዋት ነው፣ ሥሯ ላይ ብቻ፤ ቅጠሏ ከራሰ አመድ የመሰለ በሽታ ይለብሳል። ክረምቱን ፕላስቲክ ወጠርኩላት። ለራሴ ምሳ ሳልሠራ የዋልኩባቸው ቀናት አሉ፣ እሷ ሳትጠጣ የዋለችበት ግን የለም። ባሌ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔም ግንብ ሥር ልቁም እንዴ?» ይለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በየአንጓው ዘለላ፣ በየዘለላው ኪያር፤ ዛሬ ለቅሜ ነገ ሌላ። የዚህች ኪያር ምሥጢር ፈጥኖ መልቀም ነው። በጣት ልክ እንዳለች ካልተነሳች፣ አንዷን ትልቅ ትሁን ብለሽ ከተውሻት፣ የወንድሞቿንና የእህቶቿን ምግብ ሁሉ መጥጣ የምትጨርሰው እሷው ናት፤ ሌሎቹ ይረግፋሉ። ስለዚህ በየጠዋቱ እለቅማለሁ፣ ሰፌድ ሙሉ ይዤ በሩን ሁሉ አንኳኳለሁ። ለእማማ፣ ለባለ ሱቁ ሚስት፣ ተከራይ ለሆኑት የስልጤ ቤተሰቦች፣ ለሁሉም። ሴትዮዋ በር ላይ ስደርስ ሰፌዱን ከግራ ክንዴ ወደ ቀኝ ክንዴ አዛውሬ፣ «እንደምን አደርሽ» ብዬ አልፋለሁ። ሰላምታ አላስቀረሁባትም። ሰላምታ ማስቀረት የሕፃን ቂም ነው።

ባሌ ያኔ ነገሩ ገባው። እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላዬን ሳጣፋ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለኝ። «ልሳላ፣ ምን አገባህ» ብዬው ሄድኩ።

ከዚያ አንዲት ሐረግ ግንቡን አልፋ ወደ ማዶ ወረደች። መመለስ እችል ነበር፤ አልመለስኳትም፤ ጎረቤቴም ከእሷ እየቀነጠሰች ትበላ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ የባለ ሱቁ ሚስት መልእክት ይዛ መጣች፤ ጎረቤቴ የኪያሩን ዘር ፈልጋለች፣ እኔን መጠየቅ ግን ከብዷታል። 

«ምን ከበዳት» አልኩ። «ወደ እሷ የወረደው ፍሬ የእሷ ነው በያት። ከዚያው ዘሩን ታውጣ።»

ውሸት አልተናገርኩም። ታውጣ ነው ያልኩት።

እሷም የአገር ቤት ልጅ ናት፣ ለዘር የሚተወው ፍሬ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለች፤ እንደ ዱባው፣ እንደ ቅሉ። ከዘለላው ወፍራሟን መርጣ ማንም እንዳይቆርጣት ቀይ ክር አሰረችባት። መሰላል ላይ ወጥቼ ክሩን ሳየው ሳቄ እንዳያመልጠኝ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ከኪያሬ በፊት የማየው የእሷን ኪያር ሆነ። አበጠች፣ ወገቧ ሰፋ፣ ቢጫ ሆነች፣ ቆዳዋ ጠነከረ። የሐረጓ ሌሎች ፍሬዎች ሁሉ ረገፉ። በእኔ በኩል ያለው ሳይቀር ቀጨጨ።

ባሌ መቀስ ይዞ መጣ። «ያቺን ቢጫ ነገር ካልቆረጥሽ ይቺ ተክል መሞቷ ነው» አለ።

«አትንካው» አልኩት። በድምፄ ደነገጠና መቀሱን ኪሱ ከተተ። ተክሏ ትሙት። ሌሎች ነበሩኝ።

የማርያም ማኅበር ወረፋው የእኔ የነበረ ዕለት ሴቶቹ ሁሉ ሳሎኔ ተሰብስበው ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ጎረቤቴ አርፍዳ ገባች። የልጅ ልጇን ይዛለች፤ ያቺ የልደቷን ገንፎ እጄ እንዳይነካው የተባለባት ልጅ አሁን ትሮጣለች፣ አፍ ፈትታለች። ሴትዮዋ በሌላ እጇ ሳህን ይዛለች። ሳህኑ ላይ ቢጫዋ ኪያር ለሁለት ተሰንጥቃ ተጋድማለች፤ ቀዩ ክር እንኳ አልተፈታም።

«እኔ እምልሽ» አለች ገና ሳትቀመጥ፣ «ይኼ ነገር ዘር የለውም እንዴ? ይኸው ሰንጥቄ ሰንጥቄ ገለባ ብቻ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፏ ለመስማት ስንት ክረምት ጠበቅኩ። መልሱን ሳጠጣ ተለማምጄዋለሁ፣ ስቀነጥስ ተለማምጄዋለሁ። ድምፄ ግን እንዳሰብኩት አልወጣም።

«የለውም» አልኩ። «ዘር የለውም። ግን ሰፈሩን ሁሉ ያበላው እሱ ነው። አንቺስ ዘር የሌለው እጅ ባይነካው ይሻላል አላልሽኝም ነበር? እጄ ነው እኮ ይኼ። ስትበዪው ከረምሽ አይደል?»

አየችኝ። ፊቷ ላይ ንዴት ጠበቅኩ፣ እፍረት ጠበቅኩ። የመጣው ግራ መጋባት ነው።

«መቼ? እኔ? ኧረ በማርያም፣ መቼ ነው እንዲህ ያልኩሽ?»

ረስታዋለች። እያስመሰለች እንዳልሆነ ዓይኗን አውቃለሁ፤ እህቴ ነበረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል የምሰማው ተረት እፊቴ ቆሞ ሳህን ይዟል። በዚያች ቅጽበት ልገድላት ነበር የፈለግኩት። ተደብቃ ብትስቅብኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። እኔ በእሷ ቃል ስተኛ ስነሳ፣ ለእሷ እንደ ማስነጠስ ያለፈ ነገር ኖሯል።

እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግሞ ሊስሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ብለሻታል» አሉ። «የልጅሽ ገንፎ ላይ። እኔ ሰምቼ ሳልኩ፤ መናገር ሲገባኝ ሳልኩ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች የባለ ሱቁ ሚስት፣ ወለሉን እያየች።

ጎረቤቴ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ታልቅስ አታልቅስ አላየሁም፣ ላይም አልፈለግኩ። ያን ጊዜ ነበር ወደ ግቢው የሚያወጣው የሳሎኑ በር ወለል ብሎ መከፈቱን፣ ልጅቷም አለመኖሯን ያስተዋልነው። ተያይዘን ወጣን።

ግንቡ ሥር ናት። ከዘለላው አንዲት ትንሽ ኪያር ይዛ እየጎተተች ነው። አያቷ ከኋላዬ «አትን—» አለች።

«ትንካው» አልኩ።

ቀረብኩ፣ ኪያሯን ቀነጠስኩላት፣ እሾህ ያለውን ልጣጭ በቀሚሴ ጠረግኩላትና በገዛ እጄ አፏ ላይ አደረግኩላት። ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ። አያቷ ቆማ እንድታይ ነበር። ልጅቷ ግን ይህን አታውቅም፤ ቋ አድርጋ ነከሰች፣ ሳቀች፣ ሌላ አለችኝ።

አሁን በየጠዋቱ ትመጣለች። ቀሚሴን ይዛ ከተክል ተክል ትከተለኛለች፤ የትኛው ይለቀማል፣ የትኛው ይቀነጠሳል፣ ከእኔ እኩል ታውቃለች። አያቷን ይቅር ብያታለሁ? አላልኳትም። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ሁለት ጊዜ መጣች፣ ሁለቱንም ጊዜ እጄ ጭቃ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ምሳ ሲደርስ አያቷ ከግንቡ ማዶ ትጣራለች። «ልጄ አንቺ ጋ ናት?» ትላለች። ልጅቷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ኪያር ትቆረጥማለች። እኔ ወዲያው አልመልስላትም፤ ደግማ እስክትጠይቀኝ እጠብቃታለሁ።