አላየሁም ብሎ ያልማለው ጎረቤታችን

የአባቴን ዳማ በሬ ቋንጃው ተቆርጦ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሊነጋጋ ሲል አተላ ይዤ በረት ስገባ ጓደኛው ቆሞ ያመሰኳል፤ ዳማው ግን ተኝቷል። «ተነስ» ብዬ በእግሬ ነካ አደረግሁት። በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ ሊነሳ ሞከረና በጎኑ ወደቀ። ጭዱ ላይ ያለውን ደም ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አባቴ መጥቶ ቁስሉን በጣቱ ነካው። «ይኸ ጅብ አይደለም» አለ። ጅብ ይቦጭቃል። ይኸ ግን በስለት፣ የኋላ እግሮቹን ሥሮች ብቻ መርጦ የተቆረጠ ነው፤ የሚያውቅ እጅ ነው የሠራው። ውሻችን ለምን እንዳልጮኸ ማንም አልጠየቀም። እኔ ግን በልቤ ጠየቅሁ። ያ ውሻ ለማያውቀው ሰው አጥሩን አያስነካም።

ወንድሜ ከግድግዳው ላይ መሣሪያውን አወረደ።

«ማንን ልትገድል ነው?» አለው አባቴ። «ስሙን ንገረኝ።»

ወንድሜ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አነገተ።

«ስሙን ካላወቅህ መልሰህ ስቀል።»

ሰቀለው፤ ዓይኑ ግን በአጥሩ በላይ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄደ። የአባቴም ዓይን ወደዚያው ሄደ። ጎረቤታችንና አባቴ በሰኔ፣ ለዘር ሲያርሱ፣ በወሰን ተጣልተው ነበር። «ገፍተኸኛል»፣ «አንተ ነህ የገፋኸኝ» ተባብለው በመጨረሻ ጎረቤታችን «ቆይ፣ እንተያያለን» ብሎ ነበር የሄደው። ሚስቱ የክርስትና እናቴ ናት። ያም ሆኖ ከሰኔ ወዲህ በሁለቱ ቤት መካከል እሳት እንኳ አልተጫጫርንም።

ዳማው በዚያው ቀን ታረደ፤ ሥጋው ለመንደሩ ተከፋፈለ። ጎረቤታችን የደረሰውን ድርሻ ሳይወስድ ቀረ። ወንድሜ ይህን ሲያይ «ሥጋው አላወርድ አለው!» አለ። እኔም እንደዚያው አሰብሁ።

ስለ ራሴ ደግሞ ይህን ልናገር። ያኔ ባሌን ትቼ አባቴ ቤት ከገባሁ መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። ባሌ የሚኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ሌላ አጥቢያ ነው። እጁ ከአፉ ይቀድማል። ስልኬን ይፈትሻል፤ ከቡሬ ገበያ ቆየት ብዬ ከተመለስሁ የመጣሁበትን መንገድ በሰው ያስጠይቃል። ሽማግሌ በላከ ቁጥር «ባልና ሚስት መቼም ይጋጫሉ» እየተባልሁ ስመለስ ኖሬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የላካቸውን ግን ቆሜ መለስኋቸው። «ሬሳዬን ካልወሰዳችሁ በቀር አልመለስም» አልሁ። ሽማግሌ ተቆጥቶ ከሴት ደጅ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። በሬው የተቆረጠው በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲህ ይህን ሁለት ነገር አንድ ላይ አድርጎ ማሰብ ቀላል ይመስላል። ያኔ ግን የወሰኑ ጠብ ከፊታችን ቆሞ ሌላውን ሁሉ ጋርዶብን ነበር።

አባቴ ፍኖተ ሰላም ሄዶ አመለከተ። «የሚጠረጥሩት ካለ ምስክር ይዘው ይምጡ» አሉት። በጸጥታው ምክንያት መንገዱ አንዴ ተከፍቶ አንዴ የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር ፖሊስ ለአንድ በሬ ብሎ ከከተማ አይወጣም፤ ፍርድ ቤቱም ችሎት የሚቀመጥበት ቀን ከማይቀመጥበት ያንስ ነበር። አባቴ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ሲመለስ ወደ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ የአጥቢያችን መሪጌታ ዘንድ ሄደ። የኔታ እንላቸዋለን። ቅኔ ያስተምራሉ፤ የአገር ሽማግሌዎችም ያለ እሳቸው አይቀመጡም። አውጫጭኝ ይጠራ ተባለ።

አውጫጭኝ ማለት ሥራው የማን እንደሆነ ያልታወቀ እንደሆነ አጥቢያው ሁሉ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ዋንዛ ሥር ተቀመጥን፤ ወንዶቹ በዛፉ ጥላ፣ እኛ ሴቶቹ በድንጋዩ አጥር ጥግ። ሰው ሁሉ በየተራ እየተነሳ ለአንዱ ሽማግሌ የጠረጠረውን በጆሮው ያንሾካሹካል። ሽማግሌው የነገረውን ሰው አይጠራም፤ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ብሎ ብቻ ይናገራል።

«ወፍ ‹በወሰን የተጣላውን ጠይቁ› አለችኝ» አሉ አንዱ።

ሰው አጉረመረመ። ጎረቤታችን ቀና አላለም።

«ወፍ ደግሞ» አሉ ሌላው፣ እየተሳቀቁ፣ «‹ይኸ ነገር ከልጂቱ ጋር ነው የመጣ› አለችኝ።»

አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሲሰበስቡ ተሰማኝ። የትኛዋ ወፍ እንደሆነች ለማወቅ ፊት ሁሉ እያገላበጥሁ አየሁ። የምወዳቸውን ሁሉ ያን ጊዜ ጠረጠርሁ፤ የክርስትና እናቴንም፣ አብራኝ ውሃ የምትቀዳውንም።

ከዚያ መሐላው መጣ። ቄሱ መስቀሉን ይዘው ቆሙ። እያንዳንዱ ወንድ መስቀሉን ጨብጦ «አልሠራሁም፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ዋሽቼ እንደሆነ ዘሬ አይብቀል» ይላል። አንድ በአንድ አለፉ። የጎረቤታችን ተራ ደረሰ። መስቀሉን ጨበጠ።

«አልሠራሁም ብየ እምላለሁ» አለ። እጁንም ከመስቀሉ አነሣ።

«ጨርስ እንጂ» አሉት ቄሱ።

«አላየሁም ብየ ግን አልምልም።»

ሰው በአንድ ጊዜ ተነሳ። ወንድሜ ሰው እየገፋ ወደ እሱ ሲሮጥ አጎቶቼ ወገቡን ይዘው አስቀሩት። «ያው አመነ! አመነ እኮ!» እያለ ይጮኻል። የኔታ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ተቀመጡ። ሠራሁ አላለም። ምን እንዳለ የሰማ አለ?»

የኔታ ጎረቤታችንን ይዘው ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ መቃብሩ ጥግ ሄዱ። ከሩቅ እናያቸዋለን እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። ጎረቤታችን አንድ ጊዜ ብቻ እጁን አንሥቶ ጠቆመ። ወዴት እንደጠቆመ ከተቀመጥሁበት ሆኜ መለየት አልቻልሁም። ወደ ቤታችን ሊሆን ይችላል፤ ወደ ወንዙም ሊሆን ይችላል።

ሲመለሱ የኔታ አባቴን ፊት ለፊት ጠሩት።

«በሬህ በሽማግሌ እጅ ነው። ይመጣልሃል። ከማን ብለህ አትጠይቅም፤ በሬ በሬን ይተካል፤ ሰው ግን ሰውን አይተካም። ትምልልናለህ?»

አባቴ መስቀሉን ጨብጦ ማለ። ወንድሜንም አስማሉት፤ መስቀሉን በጣቱ ጫፍ ብቻ ነካው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሴት ስለሆንሁ እንድምል ማንም አላሰበም።

በጥቅምት በሬው መጣ። ሁለት ሽማግሌዎች እየነዱ አምጥተው ከደጃችን የግራር ጉቶ ላይ አሰሩት፤ እናቴ የቀዳችውን ጠላ ጠጥተው መርቀው ሄዱ። ልቀልበው ስወጣ አንገቱን ዘርግቶ የነጠላዬን ጫፍ አሸተተ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ የግራ ቀንዱ ወደ ውስጥ የዞረ ቦራ ነው። እጄን ዘረጋሁለት። መዳፌን ላሰ።

ይህን በሬ ጥጃ ሆኖ ጨው በመዳፌ ያላስሁት እኔ ነኝ። የባሌ በሬ ነው።

ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ባሌ አማች ሆኖ ስንት ጊዜ ስለመጣ ውሻው አልጮኸም። ጎረቤታችን ሲሻገር አይቶታል። ስሙን ዋንዛው ሥር ቢጠራው ወንድሜ በዚያው ቀን መሣሪያውን ይዞ ወንዙን ይሻገር ነበር። ነገር ግን አንዱ ጥርጣሬ ሲፈታ ሌላው ተተካ። ባሌ ስንት በሬ እያለው ለምን ይህን መረጠ? ሽማግሌ ያመጣው በሬ ማንም የማያውቀው፣ ከሩቅ ገበያ የተገዛ መሆን አልነበረበትም? እኔ እንዳውቅ ብሎ የላከው መሰለኝ።

አንድ ማታ ወንድሜ እርሻ ውሎ መጥቶ በሬውን እያሻሸ «እኔ ይኸን በሬ የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» አለ። ከጋብቻዬ በኋላ አንድ ክረምት ባሌን ሊያግዝ ሄዶ በማዶው ማሳ አርሶ ነበር።

«በሬ ሁሉ ይመሳሰላል» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን አልወደድሁትም።

በኅዳር የባሌ ሽማግሌዎች እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ የኔታም አብረው ነበሩ። ሌላው ሁሉ ቀርቶ የእሳቸው አብሮ መምጣት አስደነገጠኝ። ስለ ትዳር ክቡርነት፣ ስለ ልጅ አለመውለዴ፣ ስለ አባቴ እርጅና ተናገሩ። ሲጨርሱ የኔታን «አንድ ቃል ለብቻችን» አልኋቸው። ወደ ጓሮ ወጣን።

«የኔታ፣ ያን ዕለት ከበሬው ጋር እኔም በውሉ ገብቸ ነበር?»

ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«በሬውን አወቅሽው?»

«አሳደግሁት እኮ።»

«ይኸን በሬ አትስጥ ብየው ነበር» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ቀጥለውም «ጠይቆናል፤ ‹በሬውን ልክፈል፣ ሚስቴን መልሱልኝ› ብሎናል። እሽ አላልነውም።»

«አይሆንምስ ብላችሁታል?»

ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ። መልሴን አገኘሁ።

«እንግዲያው ይስሙኝ» አልኋቸው። ድምፄ ራሴን አስገረመኝ። «አባየ ምሏል፤ ወንድሜም ምሏል። እኔን ያስማለኝ የለም። ወንድሜ በሬውን የት እንዳየው እያሰበ ነው። ወይ በሽማግሌ አለያዩን፣ ወይ…»

«ወይ ምን? ትነግሪዋለሽ?»

«አላውቅም» አልሁ። እውነቴን ነበር። ዛሬም ብጠየቅ አላውቅም።

የኔታ በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰሉኝ። «ቃል አይታረድም፤ ከወጣ አይታሰርም» አሉና ወደ ሰዎቹ ተመለሱ። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፤ ሰዎቹ ግን ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ሳልነግረው ሳልጠይቀው ቦራውን ነድቶ ቡሬ ገበያ ወሰደውና ሌላ ጥቁር በሬ ይዞ ተመለሰ። ወንድሜ «ደኅናውን በሬ ምን ሆነህ ሸጥኸው?» ብሎ ተቆጣ። አባቴ «ወደ ግራ ይስባል» አለው። በሬው ወደ ግራ አይስብም ነበር። አባቴ ምን ያህል እንደሚያውቅ ያን ጊዜም አልገባኝም፤ እስካሁንም አልነገረኝም።

ሽማግሌዎቹ በጥር አለያዩን። ንብረት ስንካፈል አልተከራከርሁም። ስምምነቱ እንዲጸድቅ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ቀርበን፣ ዳኛዋ ሁለታችንንም «ተስማምታችኋል?» ብላ ጠይቃ ጨረስን። ስንወጣ ባሌ በር ላይ ጠበቀኝ። ወንድሜ ከመንገዱ ማዶ ከባጃጅ ነጂ ጋር ዋጋ ይነጋገራል።

«በሬው ለመደሽ?» አለኝ ባሌ፣ ቀስ ብሎ፣ እየሳቀ።

«የትኛው በሬ?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እኔ መንገዱን ተሻገርሁ። ወንድሜ «ምን አለሽ?» አለኝ። «ደኅና ሁኝ አለኝ» አልሁት። እስከ መነኻሪያው ድረስ ዞር እያለ ሲያየኝ ነበር።

እኔ አሁን ፍኖተ ሰላም ልብስ እሰፋለሁ። ነገሩ በዚህ ያለቀው ግን ለእኛ ነው እንጂ ለጎረቤታችን አይደለም። ስም ስላልተጠራ አጥቢያው እሱን እንደጠረጠረ ቀረ። ለእርሻ ሥራ ወንፈል ሲጠራ የሚመጣለት አነሰ፤ ማኅበር ላይ አጠገቡ የሚቀመጠው እየተመረጠ ነው። ባለፈው ፋሲካ የክርስትና እናቴን ልጠይቅ ስሄድ እሱን ደጅ ላይ ሞፈር ሲጠርብ አገኘሁት።

«አላየሁም ቢሉ ምን ነበረበት?» አልሁት። «ማንም አያውቅብዎትም ነበር።»

መጥረቢያውን አስቀመጠ። «አይቻለኋ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድምሽ አሁንም ይጠረጥረኛል?» አለኝ።

ልዋሽ አልፈለግሁም። «አዎ» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀና ሞፈሩን አነሣ። ሚስቱ «ግቢ» ብላ እስክትጠራኝ ድረስ አጠገቡ ቆምሁ።

ዘንድሮ አባቴ ጤፍ ሊወቃ ሲል ሰው ልኮ ጎረቤታችንን ጠራው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ መንሹን ጥሎ ከአውድማው ወጣ። ጎረቤታችን መጥቶ ከአባቴ ጋር እስኪመሽ ድረስ በሬ ሲነዳ ዋለ። ስለ ወሰኑም ስለ በሬውም አንድ ቃል አልተነጋገሩም አለችኝ እናቴ በስልክ። ምሳ ግን ከአንድ ገበታ በልተዋል።