የላይኛው ብሎን

ባለፈው ሰሞን መኪናዬን ሰርቪስ ላስደርግ ጋራዥ ተቀምጬ ሳለ፣ አንዱ ሠራተኛ የዲፈረንሻል ዘይት ጄሪካን ከፈተና፣ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርትና የተጫረ ክብሪት የተደባለቁበት የሚመስል ያ ሽታ አፍንጫዬ ደረሰ። ሌላው ባለመኪና ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ እኔ ወደ ጄሪካኑ ጠጋ አልኩ። ለእኔ ይህ የልደታው ግቢያችን፣ የአባዬና የአጎቴ የፈይሳ ሽታ ነው።

አባዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። እማዬ «ጣውንቴ» እያለች የምትጠራት ክሬም ቀለም አሮጌ የጣሊያን መኪና ነበረችው። ክረምት በገባ ቁጥር ሰፈራችን ጎርፍ ይወርድበት ስለነበር፣ ግማሽ ጎማዋ ውሃ ውስጥ እየሰመጠ ይነዳትና፣ ቤት ሲደርስ ዣንጥላውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ሥሯን ያያት ነበር። በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለውና የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ዱባ የሚያክል ብረት፣ ዲፈረንሻሉ ማለት ነው፣ ውሃ ከገባበት ዘይቱ ይበላሻል፤ ዘይቱ ከተበላሸ ደግሞ ጥርሶቹ ተበልተው ያልቃሉ። ስለዚህ ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ሲደርቅ ዘይቱን መቀየር በቤታችን እንደ ዓመት በዓል የማይቀር ነገር ነበር።

አጎቴ ፈይሳ የአባዬ ብቸኛ ወንድም ሲሆን አብነት አካባቢ የብረት በርና መስኮት ይሠራ ነበር። በዚያ ቀን በጠዋት ይመጣና፣ ዘይቱ ሞቆ እንዲቀጥን መጀመሪያ እስከ ሰንጋ ተራ ነድተው ይመለሱ ነበር፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ብሩክም ከኋላ ተቀምጠን ለሚያውቀንም ለማያውቀንም እጃችንን እናውለበልብ ነበር። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ ጎማው ላይ ድንጋይ አስደግፈው፣ ጆንያ አንጥፈው በጀርባቸው ይገቡ ነበር። ዲፈረንሻሉ ሁለት ብሎን አለው፤ በላይኛው ዘይት ይገባል፣ በታችኛው ይወጣል። የላይኛው ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ስለሆነ በተራ ቁልፍ አይፈታም። አጎቴ ብረት ሞርዶ የራሱን ቁልፍ ሠርቶለት ነበርና፣ ላይኛው የእሱ፣ ታችኛው የአባዬ ሆኖ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት አብረው ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ብሎን ነክቶ አያውቅም።

አንድ ዓመት በጋው ገና እንደገባ ተጣሉ። አጎቴ ፕሮቴስታንት ሆነና፣ ለወንድ አያታችን ተዝካር ሲደገስ «ለሞተ ሰው መደገስ እምነቴ አይፈቅድም» ብሎ ቀረ። የልደታን ደጅ ሳይሳለም ሥራ የማይገባው አባዬ ይህን አባትን እንደ መካድ ቆጠረው፤ «ልደታ ምስክሬ ናት፣ ሁለተኛ ቤቱን አልረግጥም» ብሎም ማለ። ከአብነት እስከ እኛ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ እነሱ ግን ዓመት ሙሉ አልተያዩም። የአጎቴ ስም ሲነሳ አባዬ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር።

የሚቀጥለው ክረምት ከባድ ነበር። ጥቅምት ላይ፣ ወሊሶ የሚኖሩት ሴት አያታችን፣ የአባዬና የአጎቴ እናት፣ ዓይናቸውን ለመታከም ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲገኙ ቀጠሮ ተያዘላቸው። አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየደበዘዘ ነበር፤ ያ ቀጠሮ ካለፈ ሌላ ለማግኘት ወራት ይፈጃል፣ አውቶቡስ ደግሞ ያስመልሳቸዋል። አባዬ እሁድ ሄዶ ሊያመጣቸው ቆርጦ፣ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ለመንገዱ ሊያዘጋጃት ብቻውን ከሥሯ ገባ። ገብቶም ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ታችኛውን ብሎን ፈታ። ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ሳፋው ውስጥ ወርዶ አለቀ። ታችኛውን መልሶ አጥብቆ አዲሱን ሊሞላ ሲል ነው ላይኛው ትዝ ያለው።

በካቻቢቴ ሞከረው፣ በመዶሻ ሞከረው። ጎረቤታችን መካኒኩ መጥቶ አየና «በመሮ ልምታው? ዲፈረንሻሉ ከተሰነጠቀ ግን እኔ የለሁበትም» ብሎ ሄደ። አባዬ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እንደዚያ ተሸንፎ አይቼው አላውቅም።

«ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ታውቃለህ» አለችው እማዬ።

«ምያለሁ።»

«የማልከው ቤቱን ላትረግጥ ነው። የሚሠራበት ቤት የእሱ አይደለም፣ ተከራይቶት ነው።»

አባዬ ተነስቶ ታጠበና፣ ብቻውን መሄድ ከብዶት ይሁን እንጃ፣ እጄን ይዞኝ ወጣ። አጎቴ ብየዳ ላይ ነበር፤ ሲያየን መነጽሩን አወለቀ። አባዬ ከደጃፉ እንደቆመ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም፣ «ዘይቱን አፈሰስኩት» አለ።

«ላይኛውን ሳትከፍት?» አለ አጎቴ።

መልስ ሳይጠብቅም የቁልፍ መያዣውን ከኪሱ አወጣ። ያ ሞርዶ የሠራው ቁልፍ ከቤቱ ቁልፎች ጋር አብሮ ተንጠልጥሎ ነበር። የሚፈታበት መኪና ሳይኖረው ዓመት ሙሉ ይዞት ሲዞር ከርሟል። አባዬ ቁልፉን አየና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየሁት።

አባዬ የወሊሶውን ጉዞ እየነገረው ግቢያችን ደረስን፤ አብረው ከመኪናዋ ሥር ሲገቡም ብሎኑ ወዲያው ተፈታ። አጎቴ አዲሱን ዘይት በጎማ ቱቦ ሞልቶ፣ ትንሿን ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከቶ ልኩን ካየ በኋላ፣ «እንኳን አፈሰስከው ጋሼ፤ በዚያ ዘይት ወሊሶ አትደርስም ነበር» አለው። እማዬ ከመኪናዋ ሥር ጎን ለጎን የወጡትን አቧራ የለበሱ እግሮቻቸውን አየችና «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» አለች። ሁለቱም እዚያው እንደተኙ ሲስቁ ሰማን።

ምሳ ሲቀርብ አባዬ አማትቦ እጁን ወደ ማዕዱ ሰደደ። አጎቴ ግን ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ፣ ጸሎቱም ረጅም ነበር። አባዬ እጁን መልሶ ጠበቀው፤ በመጨረሻ «አሜን በል እንግዲህ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አለው። እሁድ አብረው ወሊሶ ሄዱ፣ አያታችንም በቀጠሯቸው ደርሰው የተረፈችው ዓይናቸው ዳነች። አባዬ ስለ መሐላው ለነፍስ አባቱ ተናዞ፣ የታዘዘለትን ስግደት ሰግዶ፣ የአጎቴን ቤት እንደ ድሮው ይረግጥ ጀመር። በተዝካሩ ነገር ግን እስኪሞቱ ድረስ አልተስማሙም፤ በየጥቅምቱ ከመኪናዋ ሥር ተኝተው ሲከራከሩ ይሰማ ነበር።

ዛሬ ግቢያችን በነበረበት ቦታ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። እኔም ብሩክም የየራሳችን መኪና አለን፤ ጋራዥ እናስገባና፣ ወረቀት ላይ ፈርመን፣ ሁሉም ነገር ተሠርቶ ይጠብቀናል። ማንንም ማስቸገር ስለሌለብን ይህን ለብዙ ጊዜ እንደ መታደል ስቆጥረው ኖሬያለሁ። አንዳንድ ቀን ለብሩክ ልደውል ስልኬን አነሳና ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋኛል። እኔና ብሩክ አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም፤ ከተያየን ግን ስምንት ወር ሆኖናል።