ኮላ ድባ የሄደው የመጽሐፌ ሩብ

ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ነበር፤ እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ። ግንበኛ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ስንት ግድግዳ እንዳቆምኩ ቆጥሬ አላውቅም። ያን ዓመት ግን ገጽ ስቆጥር ከረምኩ፣ በገጹም ምክንያት ከሰው ጋር ስነታረክ ከረምኩ። ጽሕፈቴ አያምርም፤ የሚያነብ ይታገሰኝ።

ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ በአርባ አምስት ዓመቴ። ከዚያ በፊት ወረቀት እጄ በገባ ቁጥር ሌላ ሰው ፊት ይዤ መቆም ነበረብኝ። የወንድሜ ሞት የተጻፈበትን ደብዳቤ ያነበበልኝ መንገድ ላይ ያገኘሁት የማላውቀው ሰው ነው። አነበበ፣ አጠፈና መለሰልኝ፣ «አይዞህ» ብሎኝ ሄደ። ፊደል ከለየሁ በኋላ ደብዳቤውን ከሳጥን አውጥቼ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ያ ሰው አዝኖልኝ ይሁን ቸኩሎ እንጃ፣ ግማሹን ዘሎታል። ወንድሜ ሊሞት ሲል ስለኔ ያለው ነገር ነበር። አልተነበበልኝም። እንግዲህ ይሄ ሰው ምነው እንዲህ ግትር ሆነ የሚለኝ ካለ ከዚህ ይነሳ።

በዚያን ጊዜ እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስም የሚጠራው በሁለት ሰዓት ነው። ሊቀመንበሩ የሚመጣው በአራት ሰዓት ነው። ስሙ ተጠርቶ የወጣ ሰው እንደቀረ ስለሚቆጠር ሁለቱን ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ሴቱ ይፈትላል፣ ወንዱ ያንቀላፋል። ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ደግሞ መጽሐፍ የሚወዱ ሦስት ሰዎች ይቀመጡ ነበር። አንዷ እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝ አስተማሪ ናት። አንዱ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሰው፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ እድሜው ከኔ እኩል፤ አዲስ አበባ ለዕቃ በወረደ ቁጥር ከጣቃው መሐል መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ። ሦስተኛው የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው፣ ጎረምሳ፣ ሁሉን ነገር ቶሎ የሚያውቅ። አስተማሪዋ ጎትታ አራተኛ አድርጋ አስቀመጠችኝ።

ሥራቸው ይሄ ነው፦ ሰሞኑን አዲስ መጽሐፍ ያገኘ ሰው በጋዜጣ ለብጦ ያመጣና አግዳሚው ላይ ያስቀምጠዋል። ሌሎቹ «ምን ይዘሃል?» ይሉታል። ጋዜጣውን ገለጥ አድርጎ ሽፋኑን ያሳያል፣ ከየት እንዳገኘው፣ ማን እንደመከረው ይናገራል። ከዚያ መጽሐፉ የሚፈለግ ከሆነ ቀያሹ ከኪሱ ምላጭ ያወጣል። መጽሐፍ አንድ፣ አንባቢ አራት ነዋ። ከጀርባው ክሩን ይበጥስና አራት ቦታ ይከፍለዋል። እያንዳንዱን ሩብ በጋዜጣ ጠቅልሎ በቀይ እርሳስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ይጽፍበታል። አንደኛውን የጨረሰ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጥና ሁለተኛውን ይወስዳል። ሁሉም ሲጨርሱ ነጋዴው ሱቁ ደጃፍ ላለው ልብስ ሰፊ ሰጥቶ መልሶ ያሰፋዋል። መጽሐፍ መከፈሉ ክብር ነበር። ማንም የማይፈልገው መጽሐፍ አይከፈልም፤ እንዳለ ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል ባለቤቱ።

ለአንድ ሩብ የተሰጠው ጊዜ አንድ ሳምንት ነው። ለነሱ ይበቃል። እኔ ቀን ድንጋይ ስጠርብ ውዬ፣ ሲመሽ ዓይኔ እንቢ እያለኝ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ነው የማነብ። ሳምንቱ ሲሞላ ከግማሽ ላይ ይቀበሉኛል። ሌላ መጽሐፍ ይመጣል፣ እሱንም እንዲሁ። የአምስት መጽሐፍ መጀመሪያ አውቅ ነበር፣ የአንዱንም መጨረሻ አላውቅም። አንድ ቀን ብስጭት ብሎኝ የራሴን ልግዛ ብዬ ተነሳሁ። የራሴ ከሆነ ማን ከእጄ ይነጥቀኛል አልኩ።

ፒያሳ መጽሐፍ መሸጫው ገባሁ። የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ነው፣ አቧራዬም እንዳለ። መደርደሪያው ፊት ቆሜ የመጽሐፎቹን ጀርባ አንድ በአንድ አነባለሁ። ሻጩ ከኋላዬ መጥቶ የትኛው ግድግዳ ነው የሰነጠቀው ብሎ ጠየቀኝ። ለጥገና የተላክሁ መስሎታል። መጽሐፍ ልገዛ ነው ስለው ለልጆችህ ነው ወይ አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ፣ እስክወጣ ድረስ እጄን ሲያይ ነበር።

የገዛሁት መጽሐፍ የጎረቤቱን የጤፍ ክምር አቃጠለ ተብሎ ስለተከሰሰ ገበሬ የሚናገር ነው። ሰውየው አላቃጠልኩም ይላል፣ አገር አላመነውም። ማን እንዳቃጠለው ነው ነገሩ። ዛሬ አንብቤዋለሁና አውቃለሁ ማን እንዳቃጠለው፤ ለማንም ግን አልነግርም፣ የፈለገ ገዝቶ ያንብብ።

በኅዳር ወር በአንዱ እሁድ ይዤው ሄድኩ። እንደነሱ በጋዜጣ ለብጬ አግዳሚው ላይ አኖርኩት። ሦስቱም ተንጠራሩ። ነጋዴው ገልጦ አሸተተውና ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ እኔ እንኳ አዲስ አበባ ፈልጌ ያጣሁት ነው አለ። አስተማሪዋ ተማሪዋ ከሷ ቀድሞ አዲስ መጽሐፍ ስላመጣ ከፊት ላሉት ሴቶች ሁሉ ታሳይ ጀመር። እኔ ደረቴ ተነፋ። ቀያሹ ምላጩን አወጣና «እንክፈለው አያ?» አለኝ። ለኔ ብዬ የገዛሁት መጽሐፍ ነው፣ እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን አንድም ቀን የኔ ነገር እንዲህ ተፈልጎ አያውቅም።

«ክፈለው» አልኩት።

የሠራሁት ስህተት ይሄው ነው። ክሩ ሲበጠስ የሰማሁት ድምፅ አሁንም አይጠፋኝም።

ባለቤት በመሆኔ አንደኛው ሩብ ለኔ ደረሰ። ሳምንቱ አለፈ፣ አልጨረስኩም። አልሰጥምም አልኩ። የኔ ነው። ሁለተኛው ሳምንት መጣ፣ ሦስተኛውም። እሁድ በመጣ ቁጥር የት ደረስክ ነው። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ስላቸው ነጋዴው «ወዳጄ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ቤት ሠርተህ ቁልፉን ታስረክብ ነበር» ይለኛል፤ አግዳሚው ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

በኋላ መጠበቅ ሰለቻቸው። ቀያሹ አራተኛውን ሩብ ወስዶ ከመጨረሻው ጀመረ። ነጋዴው ከሁለተኛው ተነስቶ ሦስተኛውንም አራተኛውንም ጨረሰና አንደኛውን ሳልጠይቅህ ቀረሁ፣ ገመትኩት አለኝ። እንዲህ ያለ ንባብ አይቼ አላውቅም። መሠረት ሳይጥል ጣራ የሚያወጣ ማን ነው? በጥር ወር ሦስቱም ክምሩን ማን እንዳቃጠለው ያውቁ ነበር። መጽሐፉ የኔ፣ የማላውቀው እኔ ብቻ። አንድ ነገር ጀምረው ሲያወሩ እኔ ስደርስ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከወሬው ባሰብኝ።

አስተማሪዋ ሸጋ ሴት ናት፣ ክፋት የላትም። አንድ ቀን ለብቻዬ አድርጋ እኔ ላንብብልዎት፣ በሁለት እሁድ እንጨርሰዋለን አለችኝ። እኔም ያስቆጠርሽኝ እያነበብሽልኝ እንድኖር ነው ወይ አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ክፉ ተናግሬያለሁ፣ አውቀዋለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኋትም።

እንዲህ እየተባለ ሰኔ ገባ። ዝናብ ሥራ ስለሚያስፈታን ንባቡ ፈጠነልኝ፤ አንደኛውን ጨርሼ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ሩብ ተራ በተራ ተቀብዬ ጨረስኩ። የሦስተኛው መጨረሻ ላይ ችሎት ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ምስክር ይነሳና «ከክምሩ ሥር እሳት ይዞ የቆመውን ሰው በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ እሱም» ይላል። «እሱም» ካለ በኋላ ገጹ አለቀ። ምላጭ አረፍተ ነገር አይመርጥም። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ደጅ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። ሚስቴ ምን ነካህ አለችኝ። ነገ አራተኛውን እቀበላለሁ አልኳት።

እሁድ ስም ሳይጠራ ደረስኩ። ቀያሹ የለም። የት ነው ስል ማክሰኞ ተዛወረ አሉኝ፣ ኮላ ድባ፣ አዲስ መንገድ ሊቀይስ። አራተኛው ሩብስ? አስተማሪዋ ነጋዴውን አየችው፣ ነጋዴው ጣራውን አየ። ቀያሹ ሁለተኛ ጊዜ ላነበው ነው ብሎ ወስዶት ነበር፣ ከዕቃው ጋር ሄዷል ማለት ነው አለ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። እነሱ ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተመለሱ። ነጋዴው ሰሞኑን ሦስት አዲስ መጽሐፍ አምጥቷል፣ አስተማሪዋም አንድ ከእህቷ ተልኮላታል፤ አንዱን አንስተው አንዱን ያስቀምጣሉ፣ ይህ ይከፈል ያ አይከፈል ይላሉ። የኔው አርጅቶባቸዋል። ከዚህ ከሦስቱ ውሰድ፣ ሙሉውን፣ የፈለግኸውን ያህል ቆይበት አለኝ ነጋዴው። አልፈልግም አልኩ። ቀያሹ በገበያ ቀን ለሚመጣ እህል ጫኝ ሰጥቶ ይልክልሃል አለኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሩብ መጽሐፍ እህል ጫኝ እጅ ገብቶ የበርበሬ መጠቅለያ ሳይሆን አይደርስም አልኩ። ያኔ ነጋዴውም ተናደደ።

«ና ጆሮህን አምጣ፣ በአንድ ቃል ልንገርህና ተገላገል። ማን እንዳቃጠለው ማወቅ አይደለም የምትፈልግ?»

«አይደለም» አልኩት። «ማንበብ ነው የምፈልግ። እየተነገረኝማ አርባ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ።»

አፉን ሊከፍት ሲል ሁለት ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ዞሮ አየን። ትልቅ ሰው ነኝ፣ አላፈርኩም።

ኮላ ድባ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ቢነሱ በእግር ይደረስበታል። ግን በዚያን ጊዜ ከከተማ የሚወጣ ሰው የይለፍ ወረቀት ከቀበሌው መያዝ ነበረበት፣ አዘዞ ኬላው ላይ ይጠየቃል። ስብሰባው እንዳበቃ የቀበሌውን ጸሐፊ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁትና ይለፍ ጠየቅሁት። ምክንያት አለኝ። መጽሐፌን ላመጣ አልኩ። እርሳሱን አስቀመጠ።

«ምን የሚሉት መጽሐፍ ነው?»

«ክምር ስለማቃጠል ነው።»

«ማን ነው ያቃጠለው?»

«እሱን እኮ ነው የማላውቅ» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ከኋላዬ ነጋዴው ሳቁን ለመዋጥ ሲያስል ይሰማኛል። ጸሐፊው ኮላ ድባ የታመመ ዘመድ የለህም ወይ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው፣ ገብቶኛል። የለኝም አልኩ። ለሩብ መጽሐፍ ይለፍ ተሰጥቶ እንደማያውቅ፣ የግድ ካልኩ ነገ ጠዋት ማመልከቻ አስጽፌ እንዳመጣ ነገረኝና መዝገቡን ዘጋ። አስተማሪዋ በር ላይ ጠብቃኝ ነበር። አያ፣ በር ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘመድ ታሞብኛል ብሎ ይጻፍልዎት፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው አለችኝ። አስባልኝ ነው ያለችኝ። እኔ ግን እዚያ ወረቀት ላይ የሚሰፍረውን ቃል ደግሞ ሌላ ሰው ሊያወጣልኝ ነው ወይ ብዬ መንገዴን ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ አልሄድኩም። የመስመር ወረቀት ገዛሁና ሚስቴ ገበታውን ጠርጋ ሰጠችኝ። ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። በሦስተኛው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እኔ አመልካች ግንበኛ ነኝ። ኮላ ድባ የምሄደው የመጽሐፌን አራተኛ ክፍል ከቀያሹ ለመቀበል ነው። ዘመድ አልታመመብኝም። ሲፈቀድልኝ ሄጄ በማግስቱ እመለሳለሁ።» ቀበሌው በር ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ወረቀቴን ከእጄ አይቶ በሸጋ ጽሕፈት ልገልብጥልህ አለኝ። አይሆንም ብዬ አልፌው ገባሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ቆሞ አነበበው፣ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ይዞት ወደ ሊቀመንበሩ ክፍል ገባ። እኔም መልሱን ልጠብቅ ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጥኩ።