ወደ በሩ የዞረ ጫማ

አሮጊቷ በየማለዳው ከሆስፒታል አልጋቸው ወርደው የነጠላ ጫማቸውን አፍንጫ ወደ በሩ ያዞራሉ። "ጌታዬ ሲጠራኝ አልጋ ሥር ጫማ ስዳብስ እንዳያገኘኝ ብዬ ነው" ይሉና ይስቃሉ። ከዚያ ግድግዳውን እየተደገፉ የአንዷን ታማሚ ፀጉር ያበጥራሉ፣ የሌላዋን ትራስ ያስተካክላሉ።

"እማማ፣ ኧረ ትንሽ ይረፉ!" ትላቸዋለች ወጣቷ ነርስ።

"ለማረፉ ዘላለም አለልኝ። ዛሬን የሰጠኝ እንድሠራበት ነው።"

ሐኪሙ ከሳምንት እንደማያልፉ ከነገራቸው ወዲህ ግን ዓይናቸው ከበሩ አይነቀልም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታናሽ እህታቸውን "የእናታችንን ሐብል ሰረቅሽ" ብለው ከቤት አባረዋት ነበር። ሐብሉ ኋላ በራሳቸው ካፖርት ገበር ውስጥ ተገኘ። ነርሷ ይቅርታ የሚለምኑ ሦስት ደብዳቤዎች ጽፋላቸዋለች፤ አንድም መልስ አልመጣም።

ዛሬ አራተኛውን እያስጻፏት ነው።

"እህትሽ ለመሄድ ተዘጋጅታለች፣ ሞትን አትፈራም በይልኝ። የጫማዬንም ነገር ጻፊላት፣ ትሳቅ።" ድንገት እስክሪብቶ የያዘውን እጇን ጭምቅ አድርገው ያዙት። "ጫማዬን ካዞርኩ በኋላ ግን 'እሷ ሳትመጣ ዛሬ አትጥራኝ' እያልኩ በየማለዳው እንደማለቅስ፣ አደራሽን ልጄ፣ እሱን እንዳትጽፊው።"