በቦሎቄ የተጫወትነው ፖከር

ፖስታውን ስቀደው ቀድሞኝ የወጣው ሽታው ነው፤ የላብራቶሪ አልኮል ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተደባልቆ። ውስጡ ጠንካራ ሽፋን ያለው ሰማያዊ መዝገብ ነበር፤ ጥጉ ላይ የሻይ ይሁን የአዮዲን ያልለየለት ጠብታ አለበት። ገና ሳልገልጠው ብቻዬን ሳቅኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ምን አገኘች ብለው ዞር ዞር አሉ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ የፖከር ሻምፒዮን የሆንኩበት መዝገብ ነው ብላቸው ማን ያምነኛል?

ጭሮ የደረስኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከኮሌጅ በወጣሁ በወሩ ነው። ነርስ ነበርኩ። ሰው አላውቅ፣ ኦሮምኛ አልችል። እዚያው ጭሮ ተወልዳ ያደገች አንዲት አዋላጅ የክፍሏን ግማሽ ሰጠችኝ። ደግ ነበረች፤ ግን የሰው ደግነት ያን ጊዜ ይበልጥ ያስለቅሰኝ ነበር። ሻንጣዬን አልፈታሁም። የምለብሰውን አወጣለሁ፣ አጥቤ አጥፌ እዚያው እመልሳለሁ። ለማንም ባልናገርም በልቤ ቆርጬ ነበር፤ አንድ ነገር ትንሽ ቢከፋኝ በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ ነኝ፤ ሥራውም ይቅር።

የሚከፋው ነገር በሁለተኛው ወር መጣ። መቻራ ሄዶ ሦስት ወር ክትባት የሚያስተባብር አንድ ሰው ከእናንተ ከአራታችሁ ይውጣ፣ ተስማምታችሁ አሳውቁኝ አሉን አለቃችን። አራታችን ማለት እኔ፣ አዋላጇ፣ ፋርማሲስቱና የላብራቶሪው ጋሼ ነን። የመቻራን ሩቅና ክፉ መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ሰበብ መደርደር ጀመረ። እኔማ ሻንጣዬን አሰብኩ።

ዕጣ እናውጣ ሲባል ፋርማሲስቱ እምቢ አለ፤ በፖከር ካርታ ይለይልን፣ አጨዋወቱን እኔ አስተምራችኋለሁ ባይ ነው። ፖከር የተማረው በስልኩ ነው፤ በላፕቶፑም አንድ ፕሮግራም ነበረው። የተጫወትሽውን ዙር ካርታና የወሰንሽውን ነገር ስታስገቢለት፣ ውሳኔሽ ትክክል ከሆነ አረንጓዴ፣ ስህተት ከሆነ ቀይ ያበራል። ዕጣ ዕድል ብቻ ነው፣ ፖከር ግን ጭንቅላትም ይጠይቃል ብሎ ተከራከረን። አዋላጇ ጴንጤ ናት፤ ገንዘብ ካለበት የለሁበትም አለች። እሱም ወላሂ በገንዘብማ ሐራም ነው ብሎ፣ በገንዘብ ፈንታ የምናስይዘው አንድ ኪሎ ቦሎቄ ከገበያ ገዝቶ መጣና ለአራታችን እኩል አከፋፈለ። በሦስት ቅዳሜ ቀድሞ ቦሎቄው ያለቀበት መቻራ ይሄዳል።

የላብራቶሪው ጋሼ ግን ያለ መዝገብ የሚሆን ነገር የላቸውም። ዕድሜያቸውን በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያልተመዘገበ ነገር እንደተደረገ አይቆጥሩትም። ስለዚህ ከየዙሩ በኋላ እያንዳንዳችን የያዝነውን ካርታ፣ የወሰንነውንና ምክንያቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን በባዶ የጓንት ካርቶን ውስጥ እንድንጨምር አዘዙ። ውድድሩ ሳያልቅ የሌላውን ወረቀት ማየት አይቻልም። ሲያልቅ እሳቸው ሁሉንም ወደ መዝገብ ይገለብጡታል።

እኔ ያን ሰሞን እንዴት እንዳጠናሁ! በሽተኛ በቀነሰ ቁጥር ፋርማሲው መስኮት ሥር ተቀምጬ የልምምድ ዙሮችን ለፕሮግራሙ አስገባለሁ። መጀመሪያ ቀይ በቀይ ነበርኩ። ቀስ እያለ መቼ ካርታዬን ጥዬ ከዙሩ መውጣት፣ መቼ ቦሎቄ ማስያዝ እንዳለብኝ የገባኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የላብራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ ታርፋለች። ቦሎቄው ሲንኮሻኮሽ፣ ከውጭ የጫት መኪኖች ጥሩንባ ሲያስተጋባ፣ ፋርማሲስቱ ለአስር ሶላት ሲነሳ ካርታዬን እንዳታዩ እያለ ደረቱ ኪስ ሲከተው አሁንም ይታየኛል። እኔ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ያለኝን ሁሉ ወደ መሃል እገፋለሁ። አንዱ ካርታውን ሲጥል ሌላው ይከተላል። ጋሼ ግንባራቸውን አሽተው አሽተው ይጥላሉ። አዋላጇ "አቦ፣ ይቺን ልጅ አልቻልናትም" ትላለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቦሎቄዬ ከፊቴ ተቆልሎ የጋሼ የመጨረሻዋ ፍሬ እኔው ጋ ገባች። ጋሼም ሳይከፋቸው፣ የመቻራ ቡና ሲለቀም አይቼ አላውቅም ነበር፣ ሰኞ እሄዳለሁ አሉ።

እሑድ እሳቸው መዝገቡን ገልብጠው ሲጨርሱ፣ እኔ ጉደኛዋ ጀግንነቴን በማስረጃ ላየው ፈለግኩ። ላፕቶፑን ተውሼ የአራታችንንም ዙሮች አንድ ባንድ አስገባሁ። የሦስቱ ሰዎች ውሳኔ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኖ እኔ ጋ ሲደርስ ይቀላል። እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ አንድ ስህተት የላቸውም፤ ከእኔ ጋር ሲሆኑ ግን ማንም ጀማሪ የማይጥለውን ካርታ ይጥላሉ። ፋርማሲስቱ ሦስት ንግሥት ይዞ የጣለበት ምክንያት "ሆዴን ቆረጠኝ" ይላል። አዋላጇ "ፈራሁ" እያለች ስድስት ጊዜ ጽፋለች። የእኔም ጀግንነት ቀይ ነበር፤ ባዶ ካርታ ይዤ ነው ሁሉን የማስይዘው። የጋሼ ግን የምክንያት ዓምዱ ባዶ ነው። ከእኔ ጋር በተጫወቱበት ዙር ሁሉ ባዶ።

መዝገቡን አቅፌ ወደ ላብራቶሪው ሮጥኩ። ሦስቱም እዚያ ነበሩ፤ የጋሼን ጓዝ በካርቶን እያሰሩ።

"ጋሼ፣ ሁለት ንጉሥ ይዘው ለምን ጣሉ?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ጠረጉ። "እኔን ደግሞ ምን መዝግብ አለኝ" አሉ።

"ምክንያቱስ? ባዶ ነው እኮ።"

"መዝገብ ላይ ውሸት አልጽፍም። እውነቱን ብጽፈው ደግሞ ታነቢዋለሽ።"

አዋላጇ አንገቷን ደፋች። ሻንጣውን አይታ ለሁለቱ የነገረቻቸው እሷ ናት። ይቺ ልጅ መቻራ ከደረሳት አገር ጥላ ትሄድብናለች ብላ፣ ገና ካርታ ሳይታደል በፊት ተመካክረው ኖሯል።

ልናደድ ፈልጌ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ስንጎራደድ እነሱ በሆዳቸው ሲስቁ እንደነበር ሳስበው ፊቴ ጋለ። ከዚያ የጋሼን ካርቶን አየሁ፤ በገመድ የታሰረች አንዲት ብርድ ልብስና የጉልበታቸው ቅባት። አንጀቴን በላው። ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ የሚፈልገኝ ሰው የለም ብዬ ነበር እኮ የማለቅሰው።

"የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ የምሄደውም እኔ ነኝ" አልኩ።

ፋርማሲስቱ ጭንቅላቱን ያዘ። "ወላሂ፣ ለማጭበርበር ይሄን ያህል ደክመን?" ሲል ሳቃችን ግቢውን ሞላው፤ የሳቅኩት እያለቀስኩ ነው።

ሰኞ ሄድኩ። መንገዱ እንደተባለው ነበር፤ አንጀቴ ቦታውን ለቆ ደረስኩ። ግን ቀዩ የቡና ፍሬ በየደጁ ተሰጥቶ፣ የሚጣፍጥ የፍሬ ሽታ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ጠበቀኝ። ሻንጣዬን እዚያ ፈታሁ። ሰው ስላሸነፈኝ ሳይሆን ወድጄ ስለመጣሁ ይሆናል። ክትባት ይዞ የሚመጣው መኪና በየሳምንቱ ከጋሼ አንዲት ወረቀት ያመጣልኛል፤ አንድ ዙር ካርታ ተጽፎባት፣ "ምን ትወስኛለሽ?" ትላለች። መልሴን ከነምክንያቱ እልካለሁ። እሳቸውም በቀይና በአረንጓዴ እስክሪብቶ አርመው ይመልሱልኛል። ሦስቱን ወር ጨርሼ ወደ ጭሮ ተመለስኩና አራት ዓመት ሠራሁ። ስቀየር አዋላጇ አቅፋኝ አለቀሰች።

አሁን መዝገቡን የላከችልኝ እሷ ናት። ጋሼ ጡረታ ወጥተው ልጆቻቸው ጋ ሲሄዱ መሳቢያቸውን ባዶ አድርገው፣ ይሄን ለዚያች ልጅ ላኪልኝ ብለዋታል። የዓይናቸው ብርሃን ደክሟል አለችኝ በስልክ፤ ማይክሮስኮፑን ከተዉት ቆይተዋል።

ገጾቹን ገለጥኩ። ያኔ ባዶ የነበረው ዓምድ ሞልቷል። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ፊደሉ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ሁለት ንጉሥ ከጣሉበት ዙር ጎን፣ "ምክንያት፦ ሻንጣዋን ገና አልፈታችም" ይላል። ከሥሩ፣ "ከላይ እንደተጠቀሰው።" ከሥሩም እንደዚያው፣ እስከ ገጹ መጨረሻ። እየሳቅኩ በጣቴ እየተከተልኩ ወደ ታች ወረድኩ። የመጨረሻዋን ቦሎቄ ካጡበት ዙር በታች መስመር አስምረው፣ እንደ ማንኛውም ምርመራ ፈርመውበታል።

"ውጤት፦ ሻንጣዋን ፈታች።"