ከውሃ ለሚወጣው ያሰፋሁት ሻንጣ

ባለፈው ወር እንጅባራ፣ ሻንጣ ላሰፋ የገባሁበት ሱቅ እስካሁን ከራሴ አልወጣም...

ስራዬን ለማታውቁ፣ ጣና ላይ ውሃ ጠላቂ ነኝ። አየር በጀርባዬ አዝዬ እወርድና መልህቅ፣ የጀልባ ሞተር፣ ስልክ... የሰመጠ ነገር ሁሉ አወጣለሁ። ስልኩ ከወጣ በኋላ አይሰራም፤ ባለቤቱ ግን ካላየው አያርፍም።

የዚህ ስራ ጣጣው መጥለቁ ሳይሆን ዕቃውን ይዞ ጀልባ ላይ መውጣቱ ነው። መጀመሪያ ባለ ጎማ ሻንጣ ገዛሁ። ጀልባዋ ባዘነበለች ቁጥር እየተንከባለለ ሰው ሊጥልብኝ ሆነ። ቀጥሎ ውሃ አያስገባም የተባለ ገዛሁ። እውነትም አያስገባም፤ የገባውንም አያስወጣም። እርጥቡ ልብስ ውስጡ ከርሞ ሽታው የጀልባውን ሰው ሁሉ አስኮረፈብኝ።

እህቴ በቅርቡ አግብታ እንጅባራ ገብታለች። ልጠይቃት ሄጄ ይህን ብሶቴን ስነግራት «እዚህ ጋሽ ቢያድጌ የሚባሉ አሉ። የመኪና ሸራና የፈረስ ኮርቻ ነው የሚሰፉት፤ የሳቸው ስፌት አይተረተርም» አለችኝ። ስለ ሰውየው ከዚህ ሌላ የምታውቀው አልነበረም።

ሱቃቸው ስገባ ሸራ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ወስፌ ያስገባሉ። ሰላም ብዬ «ጣና ላይ ውሃ ጠላቂ ነኝ ጋሼ። ከውሃ ሲወጣ የምንይዝበት ነገር ቢሰፉልኝ ብዬ ነበር» አልኳቸው።

ወስፌያቸውን አስቀመጡ። «ቁመቱስ?» አሉኝ።

«ከደረቴ አይበልጥም።»

«ይከብዳል?»

«ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ለሁለት ነው የምንሸከመው። ከስሩ ወንፊት ነገር ያድርጉለት፣ ውሃው እንዲወርድለት። ዚፑም ጎኑን ሙሉ ይከፈት፣ ስናስገባው እንዳይሰበር።»

እኔ ስለ ሻንጣ ማውራት ከጀመርኩ መቆሚያ የለኝም፣ ቀጠልኩ።

«የሚያስቸግረን እግሩ ነው ጋሼ። አይታጠፍም።»

እኛ ጠላቂዎች ስንዋኝ የምናጠልቀውን ረጅሙን የፕላስቲክ መቅዘፊያ «እግር» ነው የምንለው። ይህን ግን ማን ነግሯቸው?

ቀና ብለው አዩኝ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም... ሲገባኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። «ኧረ ዕቃ ነው ጋሼ! የመጥለቂያ ዕቃ። ልብስ፣ መነፅር... ሰው አይደለም» አልኳቸው። አብረውኝ የሚስቁ መስሎኝ ነበር።

«እንዲያ ነው?» አሉና እንደገና ወስፌያቸውን አነሱ። ግን አልሰፉም። «እኔ ደግሞ ልጄ ከውሃ ወጣ ብለው የላኩህ መሰለኝ።»

ልጃቸው እዚያው እንጅባራ አጠገብ ያለው ጥርባ ሐይቅ ውስጥ ነው የቀረው። ከጓደኞቹ ጋር ሊዋኝ ገብቶ እነሱ ሲወጡ እሱ አልወጣም። «አገሩ ሁሉ ዳር ዳሩን ፈለገ። በኋላ ልብሱን ይዘን አለቀስን። ሌላው ሰው መቃብር ሄዶ ይቀመጣል፤ እኔ ሄጄ ውሃ አያለሁ» አሉኝ።

አፈርኩ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝና «ጥርባ በጣም ጥልቅ ነው ጋሼ፣ እኛ ያን ያህል አንወርድም። የኛ ስራ ጣና ላይ ነው» አልኳቸው። እሳቸው ውረድልኝ አላሉኝም እኮ። ባልተጠየቅሁት ነገር እምቢ አልኩ።

«ይሁን። ነገ ና፣ ይደርሳል» አሉኝ።

በማግስቱ ስሄድ ሻንጣው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። እንዲህ ያለ ሻንጣ በገንዘብ አይገኝም። ስሩ የሽንኩርት ጆንያ መረብ ድርብ ሆኖ ተሰፍቶበታል፣ ማንገቻው የመኪና ጭነት ማሰሪያ ነው፣ ዚፑ ብረት የለበትም፣ ባዶውን ሲጠቀለል ከጀልባ ወንበር ስር ይገባል። አንድ ነገር ብቻ... ረዝሟል። በጣም ረዝሟል። ከምስማሩ ወርዶ ወለሉን ነክቷል።

«ጋሼ፣ ከደረቴ አይበልጥም ብዬዎት አልነበር?»

«ብለኸኛል።» ጨርቁን በመዳፋቸው አለሰለሱት። «እሱ ግን ካንተ ይረዝም ነበር።»

«ጋሼ... እኔ እኮ ጥርባ አልገባም።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ውሃ የወሰደውን የት እንደሚያደርስ ግን ማን ያውቃል? ድንገት ካጋጠመህ መያዣ እንዳታጣ ብዬ ነው።»

አሳጥሩልኝ ማለት አቃተኝ። ተሸክሜው ወጣሁ። እህቴ ስነግራት አለቀሰች፤ እኔ እስክሳፈር ድረስ እንባዬን ይዤ ቆየሁና መኪና ውስጥ ለቀቅሁት።

አሁን ጀልባ ላይ ሆነን ጓደኞቼ «ይሄን ሁሉ ሻንጣ ምን ልትጭንበት ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ዕቃዬ ገብቶ ግማሹ ባዶ ነው። ልቆርጠው መቀስ አንስቼ አውቃለሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

የጥርባና የጣና ውሃ እንደማይገናኝ አውቃለሁ። ጀልባ ላይ እስካለሁ ድረስ ማንም ቢጠይቀኝ በልበ ሙሉነት እናገራለሁ።

ከታች፣ ድፍርሱ ውስጥ፣ እጄ የሆነ ነገር ሲነካ ግን... የምፈራው ልጃቸውን ማግኘቴን ይሁን አለማግኘቴን እስካሁን አልለየሁትም።