የአባዬ ጧፍና የተበሳችው መስተዋት

ጧፍ ሲበራ ባየሁ ቁጥር አምና ግንቦት ትዝ ይለኛል። መሪጌታውን አባቴን ዓይናቸውን ላሳይ የወሰድኋቸው ያኔ ነበር።

አባዬ ከይፋግ መጥተው ሹም አቦ ሰፈር እኔ ቤት ነው የሚኖሩት። ከበር መቃን ጋር ሲጋጩ እያየሁ "ሐኪም ቤት እንሂድ" ስላቸው፣ "ምን ሆንሁና!" ይሉኛል። በስንት ልመና እሺ አሉ።

ክሊኒኩ ስንደርስ መብራት የለም። የኛን መብራት መቼም ታውቁታላችሁ! የዓይን ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ሐኪሟ "እስቲ ማንበብዎን ልይ" ብላ ወደ ግድግዳው ሰሌዳ ስትጠቁም፣ አባዬ "እኔ የማነበው ዳዊት ነው" ብለው ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡ። ዘረጉና አንበለበሉት። ገጹን እንኳ ልክ በቦታው ይገልጡታል። እኔ ሞኟ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሐኪሟ ግን ፊቷ አልፈታም። ከመደርደሪያው ላይ መሐሏ የተበሳች ትንሽ ክብ መስተዋት አወረደች። የድሮ ሐኪሞች ዓይን የሚመረምሩት በዚህች ነበር አለችን፤ አስተማሪዋ ለማስታወሻ የሰጧት ናት።

"ምን ዋጋ አለው፣ ሻማ የለኝም።"

"ጧፍ አለኝ" አሉ አባዬ፣ ቦርሳቸውን እየዳበሱ።

መጋረጃውን ዘጋን። እኔ ጧፉን አብርቼ ከጆሯቸው ጎን ያዝሁ። ሐኪሟ ብርሃኑን በመስተዋቷ ወደ ዓይናቸው መልሳ በቀዳዳዋ አየች። አንዱን ዓይን አየች፣ ሌላውንም አየች።

"አባ፣ ሁለቱንም ሞራ ጋርዶታል። በዚህ ዓይን ዳዊት አይነበብም።"

ክው አልሁ። ለካ ያን ሁሉ በቃላቸው ነው ያወጡት!

"ምነው አባዬ፣ ለምን ደበቁኝ?"

"እኔን ስትመሪ ሥራሽን እንዳትተይ ብዬ ነዋ" አሉ ቀስ ብለው። "ጧፉን ደግሞ ወዲያ አድርጊው፣ ጥምጣሜን ልታነጂው ነው።"

እያለቀስሁ ሳቅሁ።

ሞራው በቀዶ ሕክምና እንደሚነሣ ሐኪሟ ስትነግራቸው እምቢ ማለት አልቻሉም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው ሲፈታላቸው ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር። ትክ ብለው አዩኝ። እጃቸውን ሰድደው ፀጉሬን ነኩት።

"አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

ከሸበትሁማ ቆየሁ። ያንን ሁሉ ጊዜ ድምፄን ብቻ ይዘው አብረውኝ መኖራቸው እስካሁን አንጀቴን ይበላዋል።

ጎረቤቶቼ "ምነው ቀለም ብትቀቢ" ይሉኛል። ቆዩ እላቸዋለሁ፣ አባዬ ገና አይተው አልጠገቡትም።